ደሴ ያለ አንድ ጠጅ ቤት፣ እና አንድ ብርሌ ሁለት ሰው ላይ ለምን እኩል እንደማይሠራ

ቤቱ ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ገባ ያለ ግቢ ውስጥ ነው። ስሙን አልጽፍም። የቤቱ እመቤት ስማቸው ኢንተርኔት ላይ እንዲወጣ አልፈለጉም፣ እኔም ቃላቸውን አከብራለሁ። «ምሳ በልታችኋል?» ሳይሉ የማይቀዱት እናት ጋ ካልኩ የደሴ ልጅ ያውቀዋል።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ጠጁ ጥሩ ነው። ከጠጁ የሚበልጠው ግን አቀዳዱ ነው። ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ወልድያም ጠጅ ቤት ገብቻለሁ፤ ጠጪውን አይተውና ጠይቀው የሚቀዱ ግን እሳቸውን ብቻ ነው ያየሁት። ይሄን ደግሞ እንደ መልካም ጠባይ ብቻ አልቆጥረውም። አንዱን ሞቅ አድርጎ የሚሸኝ ብርሌ ሌላውን አልጋ ላይ ይጥላል፣ ምክንያቱም የሁለቱ ጉበት፣ የሁለቱ ደም፣ የሁለቱ ኪስ ውስጥ ያለው ኪኒን ሁሉ የተለያየ ነው። ስለ ቤቱ ስጽፍ ይሄን ዘልዬ ማለፍ አልችልም።

መጀመሪያ ጠጁ። ማሩ ከላስታና ከሰቆጣ በኩል የሚመጣ ነጭ ማር ነው። ጌሾው እንጨቱ ነው፣ ቅጠሉን ለጠላ ይተውታል። ሦስት ዓይነት አላቸው። ለስላሳው ጣፋጭ ነው፣ ስኳሩ ገና ወደ አልኮል ተለውጦ አላለቀም። ደረቁ መረር ይላል፣ አፍ ይሰበስባል፣ ማሩ ወደ አልኮል ስለሄደ ጣፋጭነቱ ጠፍቷል። መካከለኛው ለእኔ ምርጡ ነው፤ መጀመሪያ የማሩ አበባ ይመጣል፣ ቀጥሎ የጌሾው ምሬት፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ከባድ ነገር የለውም። ስኳር እንዳልገባበት አፍ ላይ ይታወቃል።

ብርዝም አለ። ዕለቱን በውኃ የተበጠበጠ ማር ነው፣ ጌሾ አልነካውም። ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው እንግዳ ሲመጣባቸው በጆግ ያስወስዳሉ። ካደረ ግን አይሰጧቸውም። ያደረ ብርዝ መፍላት ይጀምራላ። አንድ ልጅ ጆግ ይዞ ሲመጣ «የዛሬው አልቋል፣ ይሄ የትናንት ነው፣ ለእናትህ አይሆንም» ብለው ባዶውን ሲመልሱት ዓይኔ አይቷል። ገንዘቡን ትተው ማለት ነው። ወሎ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም አንድ ግቢ የሚኖረው እንዲህ ባለ ጥንቃቄ ነው፣ ለእኔ ከኮከብ ሁሉ ይሄ ይበልጣል።

አሁን ወደ አቀዳዱ።

አንድ ቀን ከእኔ ጋር ሦስት ሰው ነበር። የሲኖትራክ ሹፌር የሆነ ጓደኛዬ፣ ሰማንያ ኪሎ የሚሆን ግዙፍ ሰው። የአክስቴ ልጅ፣ ነርስ ናት፣ ቀጭን፣ ሃምሳ ኪሎ ብትመዝን ነው። አጎቴ ደግሞ ሰባውን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። እመቤቲቱ ብርሌዎቹን ሰብስበው መጡ፣ የብርሌውን አንገት በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት፣ ዕድፍ የታያቸውን አንዱን መልሰው ሰጡ። ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ። ምሳ በልታችኋል? መኪና የያዘው ማነው? መድኃኒት የጀመረ አለ? ለአጎቴ ብቻ ዝቅ ብለው «አንቱ ጋሼ፣ ለስላሳው ይሻልዎታል፣ ግማሽ ልቅዳልዎ» አሏቸው። አጎቴ ቅር አላላቸውም። እኔ ግን ሌላ ቤት እንዲህ ቢባሉ ተነስተው እንደሚሄዱ አውቃለሁ። አነጋገራቸው ነው።

ጥያቄዎቹ ተራ ይመስላሉ። አንድ በአንድ ሲታዩ ግን የሕክምና መጽሐፍ የሚለውን ነው የሚጠይቁት።

ጠጅ እንደ ቢራ ቁጥር ተጽፎበት አይመጣም። የአንዱ ቤት ከቢራ ብዙም አይበልጥም፣ የሌላው ቤት ወይን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ለሒሳብ እንዲመቸን 10 በመቶ እንበለው። ሩብ ሊትር የሚይዝ ብርሌ ውስጥ 25 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ፣ በክብደት 20 ግራም ገደማ። ኮምቦልቻ የሚጠመቀውን ቢራ ብንወስድ ደግሞ 5 በመቶ የሆነ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 13 ግራም አካባቢ ይይዛል። እንግዲህ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ጉበት በሰዓት የሚያቃጥለው በአማካይ 7 ግራም ያህል ነው። አንድ ብርሌ ለጉበት ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ሥራ ነው ማለት ነው። ጉበት ደግሞ ብዙ ጠጣህ ብሎ አይፈጥንም፣ ሌላው ይቆያል፣ ደም ውስጥ እየዞረ ተራውን ይጠብቃል። ቡና ያነቃል እንጂ ይሄን ፍጥነት አይቀይርም። ቀዝቃዛ ሻወርም፣ ሎሚም፣ በርበሬ የበዛበት ቅቅልም እንዲሁ። አንጎበር ይዞህ ጠዋት ሾርባ ብትጠጣ ሆድህ ደስ ይለዋል፣ ጉበትህ ግን የራሱን ሰዓት ነው የሚሠራው።

አሁን ጓደኛዬንና የአክስቴን ልጅ አስቧቸው። ሁለቱም ሁለት ሁለት ብርሌ ጠጡ እንበል፣ 40 ግራም አልኮል። አልኮል ከውኃ ጋር ነው የሚሄደው፣ ስብ ውስጥ ብዙ አይገባም። ስለዚህ ሰውነት ውስጥ ባለው ውኃ ላይ ይከፋፈላል። የወንድ ሰውነት 60 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው፣ የሴት ወደ 50 በመቶ ይቀርባል። ኤሪክ ዊድማርክ የሚባል ስዊድናዊ ሳይንቲስት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ ደም ውስጥ ያለውን አልኮል መገመቻ ስሌት አውጥቶልናል፣ ዛሬም ፍርድ ቤትና ላቦራቶሪ ይሠራበታል። የጠጣኸውን ግራም ወስደህ፣ ክብደትህ ለወንድ በ0.68፣ ለሴት በ0.55 ተባዝቶ ለሚመጣው ታካፍለዋለህ። የጓደኛዬ 0.7 ግራም በኪሎ ይሆናል። የአክስቴ ልጅ 1.45። እጥፍ ነው! ያው ጠጅ፣ ያው ብርሌ፣ ያው ሰዓት። ጓደኛዬ ከአምስት ሰዓት በኋላ ደሙ ሊጸዳ ሲል እሷ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ናት፤ ስምንት ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊወስድባት ይችላል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ያቆመች ሴት ሌሊቱን ሙሉ ደሟ ውስጥ አልኮል ይዛ ትተኛለች።

እሷ ነርስ ስለሆነች ታውቀዋለች፣ አንድ ብርሌ ይዛ እያዘገመች ትጠጣለች። የሚያናድደኝ ሌሎች ቤቶች «እንዴት አንድ ብቻ፣ አፈር ስሆን፣ በሞቴ» እያሉ ሲያስገድዷት ነው። ጉርሻ ሌላ ነገር ነው። ጉርሻ ጉበት አይጠብቅም። መጠጥን እንደ ጉርሻ ማስገደድ ፍቅር አይደለም፣ የሰውየውን አካል አለማወቅ ነው፣ ይሄን ደግሞ ስለምወዳት ነው የምናገረው።

አጎቴን በተመለከተ፣ ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ውኃው ይቀንሳል፣ ስለዚህ በወጣትነታቸው ምንም የማያደርጋቸው መጠን አሁን ደማቸው ውስጥ ከፍ ብሎ ይገኛል። መውደቅም አለ። ግማሽ ብርሌው ትክክል ነበር።

የምሳው ጥያቄ ቀላል ነው። ጨጓራ ከአልኮሉ ጥቂቱን ነው የሚያሳልፈው፣ ብዙው ወደ ደም የሚገባው ከትንሹ አንጀት ነው። ሆድ ውስጥ ምግብ ካለ ጨጓራ በሩን ዘግቶ ይቆያል፣ ጠጁም ቀስ እያለ ይወርዳል። ባዶ ሆድ ከሆነ ግን በግማሽ ሰዓት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጣሪያ ይነካል። ጾም ላይ ያለ ሰው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ ውሎ ከቅዳሴ በኋላ ከሰው ጋር ብርሌ የሚያነሳ ሰው፣ ሌላ ጊዜ በሁለተኛው የሚሰማውን በመጀመሪያው ይሰማዋል። እመቤቲቱ በጾም ወራት መጀመሪያ ቆሎና ሽሮ ያቀርባሉ፣ ብርሌው ከዚያ በኋላ ነው። ለስላሳ መጠጥ ከአረቄ ጋር የሚቀላቅሉ ወጣቶችም ይሄን ይወቁ፤ ጋዙ አልኮሉን ብዙ ሰው ላይ ያፈጥነዋል። እግረ መንገዴን፣ ከኮምቦልቻ የሚመጡ ሰዎች «የደሴ ከፍታ ነው ያሰከረኝ» ይላሉ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ያ ያደክማል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ደም ውስጥ ያለውን አልኮል ግን አይጨምርም።

ስለ መኪናው ማውራት አለብኝ፣ ምክንያቱም ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት የማያውቅ ወሎዬ የለም። ጓደኛዬ ሰፈሩ ውስጥ «ይችላል» የሚባል ሰው ነው። አራት ብርሌ ጠጥቶ ወሬው አይዛባም፣ እግሩ አይጣረስም። ሰው ይሄን እንደ ጉብዝና ነው የሚያየው። እውነቱ ሌላ ነው። ብዙ የሚጠጣ ሰው አንጎሉ ከአልኮሉ ጋር ይላመዳል፣ ስካሩን መደበቅ ይማራል። ጉበቱም አዘውትሮ ሲጠጣ ተጨማሪ ኢንዛይም ስለሚያበዛ በመጠኑ ይፈጥናል፣ ጉበቱ እስኪጎዳ ድረስ ነው ታዲያ፤ ከተጎዳ በኋላ ይገለበጣል። ደሙ ውስጥ ያለው ግን አለ። ፍሬን ለመያዝ የሚወስድበት ሰዓት ረዝሟል፣ ዓይኑ ከጎን የሚመጣውን አያይም፣ እሱ ግን ደህና ነኝ ይላል። ከዚህ ጋር ተያይዞ ደጋግሞ የተጠና ነገር አለ፦ በወጣትነቱ ብዙ ጠጥቶ የማይሰማው ሰው፣ ቶሎ ከሚሰማው ይልቅ፣ ወደፊት የመጠጥ ጥገኛ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። «ይችላል» የምንለውን ልጅ ብንጠብቀው ይሻላል።

እመቤቲቱ ምን አደረጉ? «አብሽር የኔ ልጅ፣ ዛሬ ብርዝ ትጠጣለህ፣ ነገ ሳትነዳ ስትመጣ ደረቁን እኔ እጋብዝሃለሁ» አሉት። አልተቆጡትም፣ አላሳፈሩትም። ብርዙ በዚያው በብርሌ ነው የመጣለት፣ ከጎኑ የተቀመጠ ሰው ልዩነቱን አያውቅም። ይሄን ትንሽ ነገር እንደ ቀላል አትዩት። ወንድ ልጅ ጠጅ ቤት ውስጥ ለስላሳ ጠርሙስ ይዞ መታየት ያፍራል፣ እሳቸው ግን እፍረቱን ከመንገዱ አነሱለት። ሐረጎን ያን ማታ በሰላም ወረደ።

መድኃኒቱን ደግሞ የሚጠይቅ ጠጅ ቤት እዚህ ብቻ ነው ያየሁት። እኛ አገር አሜባና ጃርዲያ ብርቅ አይደለም፣ ሜትሮኒዳዞል በየቤቱ አለ። የመድኃኒቱ መመሪያ ራሱ ኪኒኑን እየወሰዳችሁ አትጠጡ፣ ከጨረሳችሁም በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ቆዩ ይላል፤ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ማስመለስ፣ የፊት መቅላት፣ የልብ ምት መፍጠን ሊያመጣ ይችላል ተብሎ ነው። ቲኒዳዞልም እንዲሁ። የእንቅልፍ ኪኒን፣ የሚያደነዝዝ የአለርጂ መድኃኒት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከጠጅ ጋር ሲደመር ድንዛዜው ይበረታል። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን ወግቶ ሳይበላ ከጠጣ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል፣ ሰው ደግሞ «ሰክሮ ነው» ብሎ ትቶት ይሄዳል። ይሄ የሚገድል ስህተት ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ጉበታቸው በመድኃኒቱ ሥራ በዝቶበታል፣ ጠጅ ሊጨምሩበት አይገባም። እመቤቲቱ እነዚህን ስሞች ላያውቁ ይችላሉ። «ኪኒን ካለ ጠጅ የለም» ብቻ ይላሉ፣ ይበቃል።

ሌላ ቀን ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ ቻይናዊ እንግዳ ከአስተርጓሚው ጋር መጥቶ ነበር። ብርሌውን ገና አጋምሶት ፊቱ፣ ጆሮው፣ አንገቱ ሳይቀር ቀላ። ሰው ሳቀ፣ «ጠጃችን ኃይለኛ ነው» ተባለ። የጠጁ ኃይል አልነበረም። ጉበት አልኮልን በሁለት ደረጃ ነው የሚያቃጥለው። መጀመሪያ አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ የሚባል ኢንዛይም ወደ አሴታልዴሃይድ ይለውጠዋል፣ ይሄ መርዛማ ነገር ነው። ቀጥሎ አልዴሃይድ ዲሃይድሮጂኔዝ የሚባለው አሴታልዴሃይዱን ወደ አሴቴት ይቀይረዋል፣ መጨረሻው ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ከምሥራቅ እስያ ሕዝብ ሲሶ ያህሉ፣ አንዳንድ ቦታ ከዚያም በላይ፣ ሁለተኛው ኢንዛይም በዘር ደካማ ሆኖ ነው የሚወለደው። መርዙ ደም ውስጥ ይከማቻል፣ ፊት ይቀላል፣ ልብ ይመታል፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል። እንዲህ ያለ ሰው ቅላቱን ችሎ መጠጣቱን ከቀጠለ የምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር አደጋው በጣም ይጨምራል። ይሄንኑ ተንኮል በመድኃኒት የሚሠራም አለ፤ ዳይሰልፊራም ይባላል፣ በአውሮፓውያኑ 1940ዎቹ ኮፐንሃገን ውስጥ ተመራማሪዎች አስተውለውት ዛሬ መጠጥ ለመተው ለሚፈልጉ ሰዎች ይታዘዛል። ኢንዛይሙን ይዘጋዋል፣ የወሰደው ሰው ከጠጣ በጣም ይታመማል። እና እባካችሁ፣ ለቤተሰብ ሰው በድብቅ በወጥ ውስጥ አታድርጉለት፤ ሳያውቅ ከጠጣ ሊሞት ይችላል። በሐኪም ነው፣ በራሱ ፈቃድ ነው።

እመቤቲቱ እንግዳውን አይተው ብርሌውን ቀስ ብለው ወሰዱት፣ ቡና አመጡለት። አስተርጓሚው ምክንያቱን ሲጠይቃቸው «ገላው እየነገረኝ ምን ልጠይቀው» አሉ።

አሁን የቤቱን ጉድለት ልናገር፣ ሁሉም ጥሩ ነው ብዬ ማንንም ማታለል አልፈልግም። ብርሌዎቹ እኩል አይደሉም። ጥንት የነበሩት ሆዳቸው ሰፊ ነው፣ አዲሶቹ ጠበብ ይላሉ፣ ዋጋው ግን አንድ ነው። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ስንት እንደጠጣህ መቁጠር አለመቻልህ ነው። ለእመቤቲቱ ነግሬያቸዋለሁ፣ አንድ ዓይነት ብርሌ ገዝተው ቢያስገቡ መልካም ነው። መካከለኛው ጠጅ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል፤ አንዳንዴ ወደ ደረቁ ይጠጋል፣ ሲቀዱልህ ቅመስ። መጸዳጃ ቤቱ ከግቢው ጀርባ ነው፣ ማታ መብራት የለውም። ጭስ የማይወድ ሰው ከማድ ቤቱ በኩል አይቀመጥ። ምግባቸው ጥቂት ነው፣ ጠዋት ዱለት፣ ቀትር ላይ ጥብስ፣ ከዚያ በኋላ ቆሎ ብቻ።

ቅዳሜ ማታ አዝማሪ አለ። ማሲንቆው ግሩም ነው፣ አምባሰልን ሲጫወት ቤቱ ጸጥ ይላል። ግጥሙ ግን «ይደገም» ለሚለው ጠጪ ያደላል፣ ስምህን እየጠራ ያሞግስሃል፣ ብርሌህ ባዶ ከሆነ ደግሞ ይነካካሃል። እመቤቲቱ ከጠረጴዛቸው ሆነው እጃቸውን ያነሳሉ፣ እሱም ወደ ሌላ ሰው ይዞራል። ቢሆንም ለማይጠጣ ሰው ቅዳሜ አይመችም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከሰዓት ሂዱ፣ ቤቱ ክፍት ነው፣ ቦታ ይገኛል፣ እመቤቲቱም ለወሬ ጊዜ አላቸው።

ለቤቱ ከአምስት አራት ተኩል እሰጣለሁ፣ ግማሿ ለብርሌዎቹ የተቀነሰች ናት። መኪና ማቆሚያ የለውም። ከፒያሳ በባጃጅ ይደረሳል። ከኮምቦልቻ የምትመጡ፣ ከመካከላችሁ ብርዝ የሚጠጣ አንድ ሰው አስቀድማችሁ ምረጡ፤ ካልተገኘ ደግሞ ደሴ እደሩ፣ ግቢው አጠገብ ንጹሕ አልጋ ያለው ማረፊያ አለ።